ለጣሳ የሚመጡ ዓሦች

ጣሳዋ ዛሬ የልብስ መቆንጠጫ ማስቀመጫ ሆናለች። በአሮጊቷ በቀማሚ ልጅ ቤት በረንዳ ላይ፣ ከማጠቢያው ጎን ምስማር ላይ ተንጠልጥላ ትውላለች። ድሮ የዘይት ጣሳ ነበረች፤ ላይዋ ላይ የነበረው ሥዕል ተልጦ አልቋል፤ ቂጧ ደግሞ ማንኪያ ሲያርፍበት ኖሮ እንደ አሮጌ ድስት ሰርጉዷል። ልጇ አንዴ ልትጥላት ሞክራ ነበር።

«እማዬ፣ ይቺን ዝገታም አሁንስ አንሰናበታትም?»

«መጀመሪያ እኔን አሰናብቺኝ» አለቻት ቀማሚ፣ ከምትከትፈው ሽንኩርት ቀና ሳትል። ከዚያ ወዲህ የጣሳዋ ነገር ተነሥቶ አያውቅም።

ቀማሚ እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ዕድሜዋን የገፋችበት የዓሣ እርባታ ጣቢያ ሰዎች ናቸው እንዲህ ብለው የጠሯት። ሥራዋ የዓሣ መኖ ማዘጋጀት ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ረጅም ክፍል ውስጥ፣ ሲዞር እንደ አስም በሽተኛ ከሚያለከልክ መቀላቀያ ማሽን አጠገብ ቆማ ፉርሽካውን፣ የደረቀ ዓሣ ዱቄቱን፣ ዘይቱን እየመጠነች ታዋህዳለች። ሽታው በሳሙና የሚለቅ አልነበረም። ከሥራ ስትወጣ የአካባቢው ድመት ሁሉ እንደ ባለሥልጣን አጃቢ ከኋላዋ ይሰለፋል። «ሌላዋን ሴት ጎረምሳ ይከተላታል፣ እኔን ድመት» ትል ነበር።

ግን እሷንም የተከተለ ጎረምሳ አልጠፋም። ይልቅ መጀመሪያ የተከተለችው እሷ ናት፤ ያውም ሳህን ይዛ።

የተቀጠረች ዕለት ነው። ረፋዱ ላይ ከውጭ የጣሳ ድምፅ ሰማች፤ ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት። ጣ ጣ… ጣም። ጆሮዋን አቆመች። እንደገና፣ ጣ ጣ… ጣም። ምሳ ደርሷል ማለት ነው አለች በልቧ። አዲስ ገቢ ስለሆነች ወደኋላ ቀርታ ጦሟን እንዳትውል ሳህኗን ብድግ አድርጋ ድምፁን እየተከተለች ወጣች። የደረሰችው ኩሬ ዳር ነው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የሰበሰበ ቀጭን ረጅም ወጣት ጣሳ በማንኪያ እየመታ ቆሟል። ከፊቱ ያለው ውሃ እንደተጣደ ድስት ይንፈቀፈቃል፤ ዓሣው አፉን ከፍቶ ይጋፋል። ወጣቱ ዞር ሲል አንዲት ልጅ ሳህን ይዛ ከኋላው ቆማለች። ሳህኑን አየ፤ ፊቷን አየ፤ መልሶ ሳህኑን አየ።

«ተራ ያዢ እህቴ» አላት፣ ጥርሱን ሳያሳይ። «እነሱ ቀድመውሻል።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት። ለወር ያህል በዚያ ኩሬ በኩል ሳታልፍ ዙሪያ ጥምጥም ስትሄድ ከረመች። ዓመት ሳይሞላ ግን ተጋቡ፤ ሰዉም ሙሽራውን «ሳህን አቅርባለት እንዴት እምቢ ይበል?» እያለ ሲቀልድበት ዋለ።

ባሏን ሁሉም ባለጣሳው ይሉት ነበር። ዘበኛ ሆኖ ነው ጣቢያው የገባው፤ በኋላ የእናቶች ኩሬ የሚባለውን እንዲጠብቅና እንዲመግብ ተመደበ። እዚያ ውስጥ ያሉት ለገበያ የሚወጡ አይደሉም፤ የሌሎቹ ኩሬዎች ዓሣ ሁሉ ከእነሱ እንቁላል የተገኘ ነው። የእናቶች ኩሬ ከሞተ ጣቢያው መካን ይሆናል። ለባለጣሳው ደግሞ ከዚህም በላይ ነበሩ። ገና ጣት የሚያህሉ ሳሉ በባልዲ ተሸክሞ ያመጣቸው እሱ ነው። አንዷን፣ ጎኗ ላይ ጠባሳ ያለባትን ግዙፍ ዓሣ፣ «አማቴ» ነበር የሚላት።

«እናቴን መሆኑ ነው?» አለችው ቀማሚ አንድ ቀን፣ ወገቧን ይዛ።

«ምን ላድርግ? ተጠርታ በመጨረሻ ትመጣለች፣ መጥታ በመጀመሪያ ትበላለች፣ በልታ ጀርባዋን ሰጥታ ትሄዳለች።»

ሦስት ቀን አኮረፈችው። እናቷ ግን ሲነገራት በሳቅ ፈረሰች፤ እንዲያውም ስትመጣ «እስቲ እኔን ልየኝ» እያለች ኩሬው ዳር ትወርድ ነበር።

ቤታቸው ከመኖ ክፍሉ ጀርባ ነበር፤ አንድ ክፍል ከነማድ ቤቷ። መስኮቱ ወደ እናቶች ኩሬ ያያል። ረፋድና ከሰዓት ጣሳዋ ስትጮህ ዓሦቹ ይነሣሉ፤ እነሱ የረፋዱን ሲጨርሱ ሠራተኛው ለምሳ ይሰበሰባል። ስለዚህ ጣሳዋ የሰውም ደወል ሆነች። ቀማሚ ልጇን ስታጠባ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ ከማሽኑ ጋር ስትጣላ፣ የሕይወቷ ሁሉ ምት ያ ድምፅ ነበር። ሰው የራሱን ልብ ምት እንደማይሰማ፣ እሷም አትሰማውም ነበር፤ እስኪቆም ድረስ።

የቆመው ሙቀቱ በበረታበት፣ ውሃው በሸሸበት ዓመት ነው። መጀመሪያ ከታችኛው ኩሬ ጥቂት ዓሦች እንደ ሰካራም መሽከርከር ጀመሩ። ቀለማቸው ጠቆረ፤ ዓይናቸው እንደ ዶቃ ተጎልጉሎ ወጣ። ባለጣሳው የታመሙትን በመረብ ሲለይ የአንዱ ዓሣ የክንፍ እሾህ መዳፉን ወጋው። ጨርቅ ጠምጥሞበት ዝም አለ። እጁ ሲያብጥም ዝም አለ። ቀማሚ ሌሊቱን ሲያቃስት ሰምታ ጨርቁን ብትፈታው ክንዱ እስከ ክርኑ ቀልቷል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም አንተ ሰውዬ?»

«ዓሦቹ ይዳኑና…»

«አንተ ስትቆረጥ ዓሦቹ እጅ ያበቅሉልሃል?»

ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ መግሉ ወጣ፤ ተኛ፤ መርፌ ታዘዘለት። ሲሄድ ጣሳዋን ከመስቀያዋ አውርዶ በግራ እጁ ሰጣት። «የእናቶቹን ነገር አደራ። ስመለስ ላግኛቸው።»

«ታገኛቸዋለህ» አለችው። አፏን ሞልታ ነው ያለችው፤ ከየት እንዳመጣችው ግን አታውቅም።

በሳልስቱ በሽታው የእናቶች ኩሬ ገባ።

ዶክተሯ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣች የዓሣ ጤና ሐኪም ናት፤ ወጣት፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ የሆነ፣ ጥያቄ የማይሰለቻት። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ያኔ ጭንቅ ይዞት ዶሮ የሚያረባ ወዳጁ ያመሰገነለትን መድኃኒት በካርቶን ገዝቶ አምጥቶ ነበር። «ውሃው ውስጥ እንበትነው!» ይላል። ዶክተሯ ግን እየሞቱ ካሉት ዓሦች ጭንቅላትና ኩላሊት ናሙና ወስዳ ወደ ላቦራቶሪ ሮጠች። ስትመለስ ክብ ዝርግ ሳህኖች ይዛ መጣች፤ በሽታ አምጪው ተውሳክ እንደ ስስ ቅባት በቅሎባቸዋል፤ ላያቸው ላይ መድኃኒት የነካቸው ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ነይ እይው» ብላ ቀማሚን ጠራቻት። «ይሄ የአለቃ መድኃኒት ነው። ዙሪያውን ባክቴሪያው ምንም ሳይመስለው በቅሏል አይደል? ይሄኛውን ደግሞ እይ፤ ወረቀቱን ከቦ የጠራ ቀለበት አለ። እዚህ ተውሳኩ ድርሽ አላለም። የምንሰጠው አንቲባዮቲክ ይሄን ነው።»

«በውሃው እንበትነዋ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ካርቶኑን በእግሩ እየገፋ።

«በመኖ ነው የሚሰጠው። ውሃ ላይ ብንበትነው ጭቃውን ነው የምናክመው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሕመም የጠናበት ዓሣ አይበላም። መድኃኒቱ የሚደርሰው አሁንም ምግብ ለሚቀምሱት ነው። እነሱም ነገ ከነገ ወዲያ መብላት ሊያቆሙ ይችላሉ። እሽቅድምድም ላይ ነን።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሳምንቱ ሳያልቅ ካልበሉ ግን በሽታው ወደ ሁሉም ኩሬ እንዳይሄድ ይሄንን ማድረቅና ኖራ መበተን ግዴታችን ነው።»

ቀማሚ ኖራ የሚለውን ቃል ስትሰማ መስኮቷ ወደ ነጭ ጉድጓድ ሲያይ ታያት።

ዱቄቱን ዶክተሯ በዓሦቹ ክብደት ልክ መዝና ሰጠቻት፤ እሷ ከዘይት ጋር መትታ መኖውን እያገላበጠች አለበሰችው፤ ጥላ ውስጥ አሰጣችው። በሕይወቷ እንደዚያ ተጠንቅቃ የቀመመችው የለም። ከዚያ ለሠራተኞቹ አንድ ትእዛዝ ሰጠች፤ ስህተቱም እዚህ ላይ ነው።

«የታመመ ሰው ላይ ይጮኻል እንዴ?» አለች። «ማንም ኩሬው ዳር ድምፅ እንዳያሰማ። ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ቀስ ብላችሁ በትኑ።»

ማንም እንግዳ ነገር ነው አላለም። እነሱ ዘንድ ሕመምተኛ ያለበት ቤት በሹክሹክታ ነው የሚወራው፤ ድስት እንኳ በቀስታ ነው የሚከደነው። ባለጣሳው ተኝቷል፤ ዓሦቹ ተኝተዋል። ሠራተኛው ቦት ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ በዳርቻው ይሄድ ጀመር። አንዱ ሲያስነጥሰው ሁሉም ዞሮ ገላመጠው። ጣሳዋንም ቀማሚ በፎጣ ጠቅልላ ከአልጋ ሥር አስገባቻት።

መኖው ተበተነ። ተንሳፈፈ፣ ራሰ፣ ሰመጠ። አንድም አፍ አልተከፈተም። በማግሥቱም እንደዚያው። ዶክተሯ ከዳር ቁጢጥ ብላ ወደ ውሃው ትመለከታለች።

«አይገባኝም» አለች። «ብዙዎቹ ገና ጠንካራ ናቸው፤ ሲዋኙ አያቸዋለሁ። መብላት ነበረባቸው። እትዬ፣ እስቲ አስቢ፤ ከበፊቱ የለወጥነው ምን አለ?»

«ምንም። እንዲያውም ከበፊቱ በላይ ነው የምንሳሳላቸው።»

ከሰዓት በኋላ ሐኪም ቤት ሄደች። ክፍሉ ረጅም ነው፤ የብረት አልጋዎች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ራስጌ ያለው ኮመዲኖ ቀለሙ ተፍቋል። ባለጣሳው ቀኝ እጁ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተኝቷል። ልትዋሸው ነበር የመጣችው። ዓይኑን ስታይ አልሆነላትም።

«አልበላ አሉ» አለችው በሹክሹክታ።

«መኖው መረራቸው?»

«ቀምሰው ቢተፉት እሺ። አልመጡም እኮ።»

«ጣሳዋን ማነው የሚመታው?»

«ማንም። ጸጥ ይበልላቸው ብዬ…»

ባለጣሳው ከትራሱ ቀና አለ። «አንቺ ሴት! ታዲያ በምን ይወቁት? የውሃ ውስጥ ሰው መስኮት አለው? ዕድሜ ልካቸውን ጠርቼ ያበላኋቸውን በዝምታ ብትበትኚባቸው ጠጠር የወረወርሽባቸው ነው የሚመስላቸው።»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «እኔ እኮ ማስታመሜ መስሎኝ…»

«አስታመምሽ። አሁን ደግሞ ጥሪያቸው።»

«እንዳንተ አድርጌ መምታት አልችልም።»

«ጆሮሽ ያውቀዋል፤ እጅሽ ነው የማያውቀው።» ከኮመዲኖው ላይ ማንኪያ አነሣና በግራ እጁ የአልጋውን ብረት መታ። ጣ ጣ… ጣም። «ሦስተኛዋን ከመምታትሽ በፊት ትንፋሽሽን ዋጥ አድርጊ። ያቺ ዋጥ ያደረግሽው ነች የምትጠራቸው። በይ ሞክሪ።»

እሷ ሞከረች። ቸኮለች። እንደገና ሞከረች። እሱ መታ፣ እሷ ተከተለች። ጣ ጣ… ጣም። ጣ ጣ… ጣም። ፊት ለፊት የተኙት ሽማግሌ ከእንቅልፋቸው ተነሡና ኮመዲኖአቸውን ከፍተው ጎድጓዳ ሳህን አወጡ። ቀጥሎ ያለውም ተነሣ። ከጥጉ አንዱ «ዛሬ ሾርባው ቀደመሳ!» አለ። ነርሷ ስትገባ ክፍሉ በሙሉ ሳህን ይዞ ተቀምጧል።

«ማነው ምግብ ሳይደርስ ሰው የሚቀሰቅሰው?»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ሁለቱም ያችን ሳህን የያዘች አዲስ ተቀጣሪ ነበር ያዩት። ባለጣሳው «ተራ…» ብሎ ሊጀምር ሳቁ አነቀው፤ እሷም ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ፤ ነርሷ የምትቆጣው ጠፍቷት ውሃ ሰጠቻት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኩሬው ዳር ደረሰች። ዶክተሯን እስቲ ጠብቂ ብላ ጣሳዋን ከፎጣው አወጣች። ሠራተኛው በባዶ እግሩ ቆሞ ያያታል። ጣ ጣ… አለችና ትንፋሽዋን ዋጠች። ጣም።

ምንም።

ደገመች። ደገመች። ከዚያ ከመሃሉ ውሃው አንዴ ጎበጥ ብሎ ተስተካከለ። ጎበጥ አለ፤ ወደ ዳር መጣ። ጎኗ ላይ ጠባሳ ያለባት ናት፤ ሁልጊዜ በመጨረሻ የምትመጣዋ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀደመች።

«አማቴ!» ብላ ጮኸች ቀማሚ፣ ጸጥታዋን ሁሉ ረስታ። «ነይ እናቴ፣ ነይ!»

መኖውን በእፍኝ በተነች። የዓሣዋ አፍ ተከፈተ። ከኋላዋ ሌላ ጀርባ ታየ፣ ሌላ፣ ሌላ፤ እንደ ቀድሞው አይንፈቀፈቅም፣ ግን ውሃው ተነካ። ዶክተሯ ሳታስበው የቀማሚን ክንድ ጨብጣ «እየበሉ ነው፣ እትዬ፣ እየበሉ ነው!» ትላለች።

ሁሉም አልዳኑም። መብላት ያቆሙት አለቁ፤ በየጠዋቱ በመረብ እየወጡ ተቀበሩ። የበሉት ግን ቀስ በቀስ ቀለማቸው ተመለሰ። ዓሦቹ ደህና መምሰል ሲጀምሩ ሥራ አስኪያጁ «እንግዲህ ዳኑ፤ የተረፈውን መድኃኒት ለሌላ ጊዜ እናስቀምጠው» አለ። ዶክተሯ አሻፈረኝ አለች። «ግማሽ መንገድ ብንተወው የሚቀረው ተውሳክ ጠንካራው ነው፤ ያኔ ይሄ መድኃኒትም እንደ መጀመሪያው ካርቶን ይሆናል። እስከ መጨረሻው ይበላሉ። ከዚያም አብረው የታከሙት የታችኛው ኩሬ ዓሦች መድኃኒቱ ከሥጋቸው እስኪወጣ ገበያ አይወጡም።»

ባለጣሳውም ያኔ ቤቱ ገብቶ ነበር። እብጠቱ ሲጎድልለት ኪኒኑን ከትራሱ ሥር መደበቅ ጀመረ። ቀማሚ አልጋ ስታነጥፍ አገኘችው። አልጮኸችም። በመዳፏ ይዛ ከነውሃው ፊቱ ቆመች።

«አማትህ ጨርሳ ወስዳለች። አንተ ምን ቤት ነህ?»

ዋጠው።

እጁ ዳነ፤ ሁለት ጣቶቹ ግን እንደ ደረቀ እንጨት ቀሩ። ወደ ኩሬው ወርዶ ጣሳዋን ሲመታ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይወጡለታል፤ ሦስተኛው ላይ ማንኪያው ይስትበታል። ዓሦቹ ግማሽ መንገድ መጥተው ይቆማሉ። ያን ቀን ፊቱን ያየው ሰው አይረሳውም። ቀማሚ ከመኖ ክፍሉ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች፤ ማንኪያ ይዛ አጠገቡ ቆመች። እሱ ሁለቱን መታ። እሷ ትንፋሽዋን ዋጠችና ሦስተኛውን ጨመረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሁለት ሆነው ነበር የሚመቱት። ተጣልተው ሳይነጋገሩ በሚውሉበት ቀን እንኳ። ሠራተኛው «ዛሬ ተኳርፈዋል፣ ሦስተኛዋ ጠነከረች» እያለ ከምቱ ያውቅባቸው ነበር። ዶክተሯም ጣቢያው ላይ ቀርታ እንደ ዓሦቹ ጣሳ ለመደች፤ ስትሰማ ማይክሮስኮፗን ትታ ሳህኗን ይዛ ትወጣለች።

ባለጣሳው ካረፈ ብዙ ዘመን ሆነው። በአልጋው ላይ፣ በዕድሜው፣ በሰላም ነው ያረፈው። ቀማሚም ልጇ ዘንድ ገባች። ልጇ ጥሩ ናት፤ ቤቱም ሙቅ ነው። ጠዋት ጠዋት ግን ከመንቃቷ በፊት ባለው በዚያ ቀጭን ሰዓት ጆሮዋ አሁንም ይጠብቃል።

ባለፈው ሰሞን ልጇን «አንዴ ውሰጂኝ» አለቻት። መቆንጠጫዎቹን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችና ጣሳዋን በፌስታል ይዛ ሄደች።

ቤቷ መጋዘን ሆኗል። በመስኮቱ ግን ያው ኩሬ ይታያል፤ ኖራ ያልነካው፣ አረንጓዴ፣ ሕይወት ያለበት። ዳሩ ላይ ራሱ መኖ የሚረጭ ማሽን ተተክሏል፤ ሲነሣ ዝዝዝ ይላል፤ ዓሦቹም ለእሱ ይነሣሉ። ጠባቂው ትንንሾቹ ገና ሳሉ ክትባት እንደሚወጉ፣ አንቲባዮቲክ የሚባለው ከመደርደሪያው ከወረደ እንደቆየ ነገራት። «ተመስገን» አለች። ለዚያች ለ«አማቴ» የልጅ ልጆች ደስ አላት።

ጠባቂው ዞር ሲልላት ጣሳዋን አወጣች። ጣ ጣ… አለች። ትንፋሽዋን ዋጠች። ጣም።

ውሃው አልተነቃነቀም። ምን ያነቃንቀዋል? የሰሙት አያቶቻቸው ናቸው። ልጇ «እማዬ፣ በቃ…» ልትል ክንዷን ያዝ አደረገች። ቀማሚ ግን አንዴ ደገመችው፣ ለራሷ ያህል። ጣ ጣ… ጣም።

ከኋላቸው የቢሮ በር ሲከፈት ሰሙ። ፀጉሯ የሸበተ፣ ጫማዋ ጭቃ የሆነ ሴት ሳህን ይዛ ብቅ አለች፤ በረንዳው ላይ ቆማ ሳህኑን አየች፣ ለምን እንደያዘችው ለራሷም ገረማት፤ ከዚያ ኩሬው ዳር የቆሙትን አሮጊት አየች።

«እትዬ ቀማሚ?»

«ተራ መያዝ የለብሽም እህቴ» አለቻት ቀማሚ፣ ጥርሷን ሳታሳይ። «ዛሬ አንቺ ቀድመሻቸዋል።»